ቀይ ለባሾቹ

በጠፈር መርከብ ላይ ጥበቃ ሆኜ ልቀጠር የሚል ሰው ምክር ቢጠይቀኝ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ክንዱም ስለ ተኩስ ችሎታውም አይደለም፤ ስለ ስሙ ነው። የአባት ስም አለው? ካፒቴኑ በጭንቅ ሰዓት ስሙን ጠርቶ ይጮህለታል? እንዲያ ከሆነ ይግባ፤ ጡረታውንም ይበላል። "አንተ፣ እዚያ ጋ ቁም" እየተባለ ብቻ የሚታዘዝ ከሆነ ግን ቤተሰቡን ደህና አድርጎ ተሰናብቶ ይምጣ። በ1999 በወጣው "ጋላክሲ ክዌስት" በተባለው አስቂኝ ፊልም ውስጥ ይህ ነገር ቀድሞ የገባው አንድ ምስኪን አለ፤ የአባት ስሜን የሚያውቅ የለምና መሞቴ ነው እያለ አብረውት ያሉትን ሁሉ ያስጨንቃል። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ መርከቦቹም ሟቾቹም የእነሱ ናቸው።)

የነገሩ አባት ስታር ትሬክ ነው። ከ1966 እስከ 1969 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በ79 ክፍሎች የታየው የመጀመሪያው ማለቴ ነው። ኢንተርፕራይዝ የምትባለው መርከብ 430 ሰው ጭና በከዋክብት መሐል ትዞራለች። የደንብ ልብሱ በሥራ ይለያል፤ አዛዦቹ ወርቃማ፣ ሐኪሞቹና ተመራማሪዎቹ ሰማያዊ፣ መሐንዲሶቹና ጥበቃዎቹ ቀይ ይለብሳሉ። አዲስ ፕላኔት በተገኘ ቁጥር ካፒቴን ከርክ፣ ምክትሉ ስፖክና ዋናው ሐኪም ዶክተር ማኮይ አንድ ላይ ሆነው ይወርዳሉ። ሥራ አስኪያጁ፣ ምክትሉና ሐኪሙ ባንድ ቀን፣ ባንድ መኪና፣ ወደማይታወቅ አገር! ይህን ጉዞ የፈቀደውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል። ከሦስቱ ጋር ደግሞ አንድ ሁለት ቀይ ለባሽ አይጠፋም። ማስታወቂያ ሳይገባ የሚሞተው እሱ ነው።

በ1967 የታየውን "ዘ አፕል" የሚባለውን ክፍል ያየ ሰው የሙያውን አደገኛነት አይጠራጠርም። ፕላኔቷ ገነት ትመስላለች፤ ለምለም፣ አበባ በአበባ። አንደኛውን ቀይ ለባሽ ያው አበባ መርዛም እሾህ ተፍቶበት ገደለው። ሁለተኛውን መብረቅ መታው፤ አመዱ ብቻ ቀረ። ሦስተኛው ድንጋይ ረገጠና ድንጋዩ ፈነዳ። አራተኛው፣ በዚያ ሁሉ ቴክኖሎጂ ዘመን፣ በዱላ ተመትቶ ሞተ። ከርክ በሦስተኛው ሞት ክፉኛ ያዝናል፤ የልጁ አባት ትምህርት ቤት ሲገባ ረድቶት ነበርና። እንግዲህ ዘመድ መኖሩም አላዳነውም። የሚገርመው ስፖክንም ያው እሾህ ወግቶታል፣ መብረቅም ጀርባውን ለብልቦታል፤ ሰውየው ግን ልብሱን አራግፎ ተነሳና ሥራውን ቀጠለ። አበባው ማንን መግደል እንዳለበት በኮንትራት የሚያውቅ ይመስላል።

እውነቱም እሱ ነው። ከርክና ስፖክ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጡ ተመልካቹ ያውቃል፤ አደጋው የምር መሆኑን ለማሳመን ታዲያ አንድ ሰው መሞት አለበት፣ ያውም ደመወዙ አነስ ያለ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር የተናገረ ተዋናይ ዝም ብሎ ከቆመው የበለጠ ይከፈለዋልና፣ ዝም ብሎ ቆሞ ዝም ብሎ የሚሞት ሰው ለበጀትም ይስማማል። ስለዚህ የቀይ ለባሹ ሥራ አደጋ መከላከል ነው ያለን ሰው አታሎናል። ሥራው አደጋ መኖሩን በገዛ ሬሳው መመስከር ነው፤ በዚህ ሚዛን ከተመዘነ ደግሞ ከእሱ የበለጠ ውጤታማ ሠራተኛ በመርከቧ ላይ የለም።

ነገሩን በቁጥር የመረመሩ ሰዎችም አሉ፤ ፈረንጅ የማይቆጥረው ነገር የለም። ቀይ ለባሾቹ ከመርከቧ ሰው ከግማሽ በላይ ስለሆኑ ብዙ ሬሳ ከእነሱ መሐል ቢወጣ አይደንቅም፤ በመቶኛ ሲሰላ ወርቃማ መልበስ የባሰ አደገኛ ሆኖ ተገኘ። ደስ የሚል ዜና ነበር። ቀይ ለባሾቹን ራሳቸውን መሐንዲስና ጥበቃ ብለው ሲለዩዋቸው ግን የጥበቃው ዕጣ ተመልሶ ከሁሉም የከፋ ሆነ። መሐንዲሱ ከሞተሩ አጠገብ አይለይማ።

ቀይ ለብሰው የኖሩም አሉ። የሬዲዮዋ ኃላፊ ኡሁራ ቀይ ለባሽ ናት፤ ዋናው መሐንዲስ ስኮቲም ቀይ ለባሽ ነው። እንዲያውም ስኮቲ አንድ ጊዜ በትክክል ሞቶ ነበር። "ዘ ቼንጅሊንግ" በተባለው ክፍል ኖማድ የሚሉት በራሪ ማሽን ይገድለዋል። ከርክ ሲያዝንበት ማሽኑ "ላድሰው?" ብሎ ጠየቀና አደሰው፤ ሰውየው ከአልጋ ተነስቶ ሥራ ገባ። ያው ማሽን በዚያው ክፍል ውስጥ ጥበቃዎቹንም አትንኖ አጥፍቷል። እነሱንስ አድስልን ብሎ የለመነ ግን አልነበረም። ሌስሊ የሚባል አንድ ቀይ ለባሽ ደግሞ አለ፤ "ኦብሴሽን" በሚባለው ክፍል ደም መጣጭ ደመና ይገድለዋል፣ ትንሽ ቆይቶ በዚያው ክፍል ውስጥ ቆሞ ይታያል። እንዴት ተነሳ ያለውም አልነበረ፤ መሞቱንም ልብ ያለው ሰው አልነበረም መሰለኝ።

ይህን ሁሉ አይቶ ብዙ ሰው ጥበቃዎቹ ሰነፎች ናቸው ይላል። እኔ አልስማማም። የመርከቧን ዶሴ ገልብጬ ሳየው ሌባው የገባው ጥበቃው ተኝቶ ሳለ አይደለም፤ አለቃው በሩን ከፍቶ "ግባ፣ ምን ገዶህ" ብሎት ነው። ጥበቃው መሣሪያ ተሰጥቶታል። ቁልፍ አልተሰጠውም።

የእህሉን ነገር ልንገራችሁ፤ እንደ እኛ ጎተራ ለሚያውቅ ሰው ከሁሉም የሚጣፍጠው እሱ ነው። የ1967ቱ "ዘ ትራብል ዊዝ ትሪብልስ" ላይ ባሪስ የሚባል የግብርና ሹም አለ። ኬ-7 በሚባል የጠፈር ጣቢያ ላይ፣ ሸርማን ለምትባል ፕላኔት የሚላክ ምርጥ ዘር ስንዴ አከማችቷል። ለዚህ ስንዴ ሲል የጭንቅ ጥሪ አሰምቶ ኢንተርፕራይዝን የሚያህል የጦር መርከብ ያስመጣል። ከርክ ሲደርስ ጠላት የለም፤ ስንዴ ነው። እንደ ጉድ ተናዶ፣ ሰውየውን ለማናደድም ጭምር፣ ሁለት ጥበቃ ብቻ መደበለት። በዚህ መሐል አንድ ሱቅ በደረቴ ነጋዴ ለኡሁራ ትንሽ ጠጉራም ፍጥረት ይሰጣታል። ትሪብል ይባላል፤ ጥርስ የለውም፣ እግር የለውም፣ እንደ ድመት እያንኮራፋ ሰው እቅፍ ውስጥ ይተኛል። ሥራው መብላትና መውለድ ነው፤ ሐኪሙ ማኮይ መርምሮት ሲወለድም እርጉዝ ሆኖ ነው የሚወለደው አለ። ወደ መርከቧ የገባው ታዲያ በየትም ሾልኮ አይደለም፤ በሹሟ እቅፍ ነው። በየትኛው ጥበቃ ወንድነት ነው "እመቤቴ፣ ያቀፉትን ያሳዩኝ" የሚባለው?

ጥቂት ቀን ሳይሞላ ትሪብል በየወንበሩ፣ በየመሣሪያው፣ በካፒቴኑ ምሳ ላይ ሳይቀር ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ከርክ ትዝ ያለው፤ ጎተራው! ሮጦ ሄደ። ሁለቱ ጥበቃዎች ቀጥ ብለው በራቸው ላይ ቆመዋል። በሩ ደህና ነው ወይ ቢላቸው፣ ምንም ነገር ሊገባ አይችልም ብለው መለሱ። አልዋሹም፤ በዚያ በር ምንም አልገባም። ከርክ በላይ በኩል ያለውን መዝጊያ ሲከፍተው ግን ትሪብሉ እንደ ጤፍ ከስልቻ ተዘረገፈና ካፒቴኑን እስከ አንገቱ ቀበረው። ፍጥረቶቹ በአየር ማስተላለፊያው ቧንቧ ገብተው ስንዴውን ጨርሰውታል። ስፖክ እዚያው ቆሞ 1,771,561 ናቸው ብሎ አሰላ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሐዘን ቤት አይወሰድም። ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፤ ትሪብሎቹ ብዙዎቹ ሞተዋል፣ ስንዴው ተመርዟልና። የመረዘው የባሪስ የራሱ ረዳት ነው፤ ፊቱን ለውጦ የገባ የጠላት ሰላይ። እሱን ያጋለጠው የጥበቃ ክፍሉ መሰላችሁ? ትሪብሎቹ ናቸው፤ ሰላዩ አጠገባቸው ሲደርስ ይጮሃሉ። ያን ቀን በጣቢያው ላይ የጥበቃ ሥራ የሠራ ፍጥረት ቢኖር እግርም ጥርስም የሌለው ነው።

ይህስ ስንዴ ነው። በዚያው ዓመት "ስፔስ ሲድ" በተባለው ክፍል የተደረገውን ግን ይቅር ማለት አልችልም። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ተኝቶ የነበረ ኻን የሚባል ሰው ከአሮጌ መርከብ ውስጥ ተገኘ። ስሙን አስተካክሎ አይናገርም፣ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ነገር ያዞራል፣ ክንዱ የበሬ ነው። ታዲያ የታመመበት አልጋ ላይ ሆኖ የሚነበብ ነገር ስጡኝ ሲል ከርክ ምን ሰጠው? የመርከቧን የቴክኒክ መጻሕፍት! ሞተሩ የት እንዳለ፣ አየሩ በየት እንደሚሄድ፣ ሁሉንም። የመርከቧ የታሪክ ባለሙያም በሰውየው ፍቅር ወደቀች። ማንነቱ ሲታወቅ ከርክ ደንግጦ ደጃፉ ላይ አንድ ጥበቃ አቆመ። አንድ። ኻን በሩን በእጁ ገንጥሎ ጥበቃውን ዘረረውና መርከቧን ያዘ፤ አዛዦቹ ያሉበትን ክፍል አየር ቆርጦ አስጨነቃቸው። በጥበቃው ላይ የሚፈርድ ሰው ይፍረድ። እኔ ግን የቤቱን ፕላን ለእንግዳ አስነብቦ ሲያበቃ በሩ ላይ አንድ ሰው ላቆመው አባወራ ነው የምፈርድበት።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ አዲስ ስታር ትሬክ ተጀመረ። የበፊቱ መርከብ ሐሜት ተሰምቷል መሰለኝ ልብሱ ተገለበጠ፤ ቀዩን አዛዦቹ ወሰዱት፣ ጥበቃዎቹ ወርቃማ ለበሱ። ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ፍረዱ፤ የጥበቃ ኃላፊዋ ታሻ ያር ገና የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ ሞተች፣ የገደላትም ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ኩሬ ነው። በእሷ ቦታ ዎርፍ ተተካ። ዎርፍ ክሊንጎን ከሚባለው የጦረኞች ወገን ነው፤ ቁመቱ፣ ድምፁ፣ ግንባሩ ሁሉ ያስፈራል። ይህ ማስፈራቱ ነው የጎዳው። አዲስ ጠላት ኃይለኛ መሆኑን ለማሳየት ዎርፍን አንስቶ ግድግዳ ላይ ከመወርወር የበለጠ ቀላል መንገድ የለምና፣ ሰውየው ሲወረወር ሰባት ዓመት ኖረ። አፉን ሲከፍትም አይሰማም። ጋሻውን እናንሳ ይላል፤ ካፒቴን ፒካርድ ቆይ ይለዋል። ሰውየውን አሥረን እንጠይቀው ይላል፤ ቆይ። ብዙ ጊዜ እሱ ልክ ነበር።

በዚህ መርከብ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አለ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ። በ1992 "ራስካልስ" በሚባለው ክፍል ፌሬንጊ የሚባሉ ስግብግብ ነጋዴዎች በሁለት አሮጌ መርከቦች መጥተው ይህችን ግዙፍ መርከብ ባንድ አፍታ ይይዟታል። መልሶ የነጠቃቸው ማን ነው ብትሉ፣ ልጆች ናቸው። በአንድ አደጋ ፒካርድና ሌሎች ሦስት ሰዎች ወደ ልጅነት ተመልሰው ነበርና፣ ከክፍል ልጆች ጋር ታጉረው ሳለ በተማሪ ኮምፒዩተር ነገሩን ገለበጡት። ካፒቴኑ ምክትሉን "አባዬ" እያለ ሽማግሌውን ጠላት ሲያታልል ማየት አንጀት ያርሳል። ከልጆቹ አንዱ የዎርፍ ልጅ አሌክሳንደር ነው። እራት ላይ አባትና ልጅ ምን ተባብለው ይሆን?

እስር ቤታቸውን ደግሞ ተመልከቱ። በር የለውም፤ በበሩ ፈንታ የማይታይ የኃይል ግድግዳ አለ። ኃይል ሲቋረጥ እስረኛው ይወጣል። ኃይል ደግሞ መርከቧ በተመታች ቁጥር ይቋረጣል። መብራት ሲሄድ ሲመጣ ያደገ ሰው አንድ ብረት መወርወሪያ ግጠሙበት ብሎ በነጻ በመከራቸው ነበር።

አንድ ነገር አልደብቅም፤ ከእነዚህ ሁሉ መሐል የልቤን ያደረሰችው የጥበቃ ሠራተኛ እንኳ አይደለችም። በ1979 የወጣውን "ኤሊየን" ከአክስቴ ጋር አይቼዋለሁ። አክስቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ በር ግን ታውቃለች። ኖስትሮሞ የምትባል የጭነት መርከብ አለች፤ ሰባት ሰዎችና አንዲት ድመት፣ ጥበቃ የሚባል የለም። ሦስቱ ወደ ፕላኔት ወርደው አንደኛው ፊቱ ላይ እንደ ሸረሪት ያለ ነገር ተጣብቆበት ይመለሳሉ። ክፈቱልን እያሉ ይጮሃሉ። ውስጥ ያለችው ሪፕሊ ደንቡ ሃያ አራት ሰዓት ለብቻ መቆየት ነው፣ አልከፍትም አለች። ካፒቴኑ ውጭ ሆኖ ያዛታል፤ አልከፍትም።

"ምንድን ነው የሚሏት?" አለች አክስቴ።

"ክፈቺ ነው የሚሏት። እሷ በሽታ ይገባል ብላ እምቢ አለች።"

"ጎሽ የኔ ልጅ! እንዳትከፍቺ!" ብላ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ከዚያ አሽ የሚባለው ሰውዬ ቁልፉን ተጭኖ በሩን ከፈተው። አክስቴ ጉልበቴን በጥፊ መታችኝ። "ይሄ ሰውዬ ገና ሲገባ ዓይኑ አላማረኝም ነበር! ማን ነው እሱ? ምናቸው ነው?"

ድርጅቱ የላከው ነው አልኳት። ሰው አለመሆኑ፣ ፍጥረቱን ለድርጅቱ አምጣ የሚል ምስጢራዊ ትእዛዝ የያዘ ማሽን መሆኑ ገና አልተገለጠም ነበር፤ እሷ ግን ፊልሙ እስኪነግራት አልጠበቀችም። ሪፕሊ ብቻ እስክትቀር ሰዎቹ አንድ በአንድ ሲያልቁ፣ በእያንዳንዱ ሞት "ክፈቺ አላሏትም?" እያለች አብራቸው ስትከራከር አመሸች።

የስታር ዎርስ ነጭ ለባሽ ወታደሮች አይመቱም እየተባሉ ስማቸው ጠፍቷል። በ1977ቱ ፊልም አንዱ ወታደር በር ሲያልፍ ግንባሩ ከበሩ ጋር ይጋጫል፤ በኋላ በወጣው ቅጂ ዳይሬክተሩ ሉካስ ራሱ የግጭት ድምፅ ጨመረበት። ሽማግሌው ኦቢ ዋን መርከቦችን ስቦ የሚይዘውን ኃይል ሊያጠፋ ሲሄድ ሁለት ወታደሮች አጠገቡ ቆመው ስለ አዲስ የወጣ ተሽከርካሪ ሞዴል ያወራሉ። ድምፅ ሰምተው ዞር አሉ፤ ምንም አይደለም ተባባሉና ወሬያቸውን ቀጠሉ። የሌሊት ተራ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም።

ተኩሱን በተመለከተ ግን ግፍ ተሠርቶባቸዋል። ጀግኖቹ የሞት ኮከብ ከሚባለው የጠላት ጣቢያ እንዲያመልጡ የተፈለገው መርከባቸው ላይ መከታተያ ስለተደበቀ ነው፤ ልዕልት ሌያም እንዲሁ ለቀውናል ብላ ትጠረጥራለች። አለቃ አምልጡ ላላቸው ሰዎች አነጣጥሮ መተኮስስ ምን ይባላል? በዚያ ጣቢያ ላይ እኔ ባርኔጣ የማነሳለት አንድ ሰው ነው። እስር ቤቱ በር ላይ የተቀመጠው መኮንን። ከጀግኖቹ ሉክና ሃን የወታደር ልብስ ሰርቀው፣ ጠጉራም ባልደረባቸውን ቹባካን በካቴና ያሰሩ መስለው ሲመጡ፣ ወዴት ነው የምትወስዱት አለ። እስረኛ ልናዛውር ነው አሉት። አልተነገረኝም፣ መጠየቅ አለብኝ አለ። በዚያ ግዙፍ ጣቢያ ላይ የሥራውን ደንብ ያወቀ እሱ ነበር፤ ወዲያው ተኩስ ተከፈተና አለቀ። ስሙን ፊልሙ አይነግረንም።

ወደ ስታር ትሬክ ስመለስ፣ የሌላዋ መርከብ የቮየጀርም ነገር ያው ነው። የጥበቃ ኃላፊው ቱቮክ ጠንቃቃ ሰው ቢሆንም፣ በ1996 "ቤሲክስ" በተባለው ክፍል ካዞን የሚባሉ ጠላቶች መርከቧን ነጥቀው ሰውን ሁሉ ባዶ ፕላኔት ላይ አራገፉት። መርከቧ ላይ የቀሩት በብርሃን የተሠራው ሐኪምና ባልደረባውን ገድሎ ክፍሉ ውስጥ የተዘጋበት ሱደር የሚባል ነፍሰ ገዳይ ናቸው። ሱደር ዳግመኛ ላለመግደል ሲታገል የከረመ ሰው ነው፤ ይህን ትግል ያስጀመረውም ቱቮክ ነበር። እሱና ሐኪሙ ሆነው መርከቧ እንድትመለስ አደረጉ፤ ሱደር በዚያው ሞተ።

ምናልባት ሙያውን የሚያስከብር አንድ ሰው ይገኝ እንደሆነ በመርከብ ሳይሆን በጣቢያ ላይ ነው። "ዲፕ ስፔስ ናይን" ላይ፣ ከ1993 ጀምሮ፣ ኦዶ የሚባል የጥበቃ ኃላፊ አለ። አካሉ ፈሳሽ ነው፤ ብርጭቆ ሲፈልግ ብርጭቆ፣ ወንበር ሲፈልግ ወንበር ይሆናል፣ ማታ ባልዲ ውስጥ ያድራል። እኔ ግን የማደንቀው በዚህ አይደለም። ጣቢያውን ካርዳሲያን የሚባሉ ወራሪዎች ሲገዙትም ጥበቃው እሱ ነበር፤ እነሱ ተባረው ሌላ መንግሥት ሲመጣም እዚያው ወንበሩ ላይ ተገኘ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ኳርክ ምን እንደሚሸጥ፣ ለማን እንደሚሸጥ፣ የትኛውን ቀን እንደሚዋሽ ያውቃል። ሰላምታው ሳይቀር ምርመራ ነው። በነዋሪው መሐል የኖረ፣ ማን የማን እንደሆነ የለየ ሰው ነው፤ የጨረር ሽጉጥ መያዝ እንኳ አይወድም።

ታዲያ አዲሶቹ የበላዮቹ ሊያምኑት አልቻሉም። በራሳቸው ትምህርት ቤት ያደገ፣ የራሳቸውን የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ኤዲንግተን የሚባል መኮንን አምጥተው የእነሱን ወገን ጥበቃ እንዲመራ ሾሙት። ኦዶ ተቀይሞ ሥራ ለመልቀቅ ተነስቶ ነበር። ኤዲንግተን ግን ጨዋ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሪፖርቱ ንጹሕ። በ1996 ለካርዳሲያኖች የሚላኩ ውድ የፋብሪካ ማሽኖች በጣቢያው በኩል ሲያልፉ ጥበቃው በእሱ እጅ ሆነ። አዛዡ ሲስኮ የሚወዳት ነጋዴ ለአማፂዎች ዕቃ ታመላልሳለች የሚል ጥርጣሬም ቀረበለት፤ ሲስኮ ልቡ እየቆሰለ መርከቧን ተከትሎ ሄደ። እሱ ከጣቢያው እንደወጣ ኤዲንግተን የሲስኮን ምክትል በጨረር አደንዝዞ ማሽኖቹን ለአማፂዎቹ ጭኖ ጠፋ። ለካስ ራሱ ከእነሱ ወገን ኖሯል። ሲስኮ ነገሩን ለጥበቃ ክፍሉ አልተወውም፤ ወራት ፈጅቶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ራሱ አሳዶ ያዘው።